የዋልታ ማዕበል በጎጃም ምድር፦ የተንጠልጣይ ማግኔት መለኪያ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መጀመሪያ። ንድፉን ማዞር

በሰሜን አውሮፓ አውሮራን፣ ማለትም የዋልታ ብርሃንን፣ የሚጠባበቁ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩት መሣሪያ አለ። ማግኔት በቀጭን ክር ጠርሙስ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ማግኔቱ ላይ ትንሽ መስታወት ይለጠፋል፤ መስታወቱ የሚመልሰው ብርሃን ማዶ ግድግዳ ላይ ያርፋል። የብርሃኑ ነጥብ ከቦታው ሲሸሽ ሰማዩ ሊበራ ነውና ካሜራቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ይኸው ንድፍ እንዳለ ተወስዶ ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሠራ ምንም አያሳይም ማለት ይቻላል። ስዊድን ውስጥ ኪሩና ላይ የምድር መግነጢሳዊ መስክ አብዛኛው ወደ መሬት ውስጥ ያዘቀዘቀ ስለሆነ አግድም የሚቀረው ወደ 11 ሺህ ናኖቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ አሃድ) ነው። አውሮራ ሲበረታ ከራስ በላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ጎን 500 ናኖቴስላ ቢገፋ መርፌው 2.6 ዲግሪ ይዞራል፤ በዓይን ይታያል። እኛ ጋ መስኩ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አግድም ተኝቷል፤ መጠኑም 36 ሺህ ናኖቴስላ ገደማ ነው። መርፌውን አጥብቆ ወደ ሰሜን ይይዘዋል። ወደ ጎን የሚመጣ 30 ናኖቴስላ ለውጥ የሚያዞረው 0.05 ዲግሪ ብቻ ነው።

ዋናው ችግር ግን አቅጣጫው ነው። ከጎጃም ሰማይ በላይ ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ ጅረት አለ፤ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ይባላል። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሲድኒ ቻፕማን ነው፣ በ1951 እ.ኤ.አ.። ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጅረት ከሥሩ ላለው ሰው የሚጨምረው መስክ ወደ ሰሜን ነው። መርፌው ደግሞ አስቀድሞም ወደ ሰሜን እያየ ነው፤ ባየበት አቅጣጫ ቢሳብ አይዞርም። ስለዚህ እዚህ ማግኔቱ በግድ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ተጋድሞ መያዝ አለበት። ያኔ የሰሜኑ መስክ ሲጨምር ወደ ሰሜን ይዞራል፤ ሲቀንስ ወደኋላ ይመለሳል። ተጋድሞ የሚይዘው ደግሞ የተንጠለጠለበት ሽቦ ጥምዘዛ ነው። ሥራው ሁሉ በዚህ ላይ ያረፈ ነው።

ጅረቱ እዚህ ለምን ይበረታል? አየሩ በዚያ ከፍታ በፀሐይ ጨረር ተሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሌላ አገር ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው የጅረቱ ክፍል በመስኩ መስመር ተከትሎ ይፈሳል። መስኩ አግድም በተኛበት ቦታ ግን መውጫ ያጣል፤ ከላይና ከታች የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ቻርጅ የራሱን ኤሌክትሪካዊ መስክ ፈጥሮ የምሥራቁን ጅረት ብዙ እጥፍ ያጠናክረዋል። ይህ የሚሆነው ከመግነጢሳዊ ወገብ (መስኩ ፍጹም አግድም ከሚተኛበት መስመር) በሰሜንም በደቡብም ወደ 3 ዲግሪ ስፋት ውስጥ ብቻ ነው። አውሮራ እዚህ የማይታየውም በዚሁ የመስክ ቅርጽ ነው፤ ብርሃኑን የሚፈጥሩት ኤሌክትሮኖች የመስኩን መስመር ተከትለው የሚወርዱት ወደ ዋልታዎቹ ነውና።

ኅዳር አጋማሽ። ቦታ

የጅረቱ ማዕከል ከጎጃም በስተደቡብ፣ በአዲስ አበባ ኬክሮስ አካባቢ ስለሚያልፍ ደጀንና ደብረ ማርቆስ ከባሕር ዳር የተሻለ ምልክት ያገኛሉ። ባሕር ዳር ላይ የአግድሙ ለውጥ ያንሳል።

ከከተማው ወጣ ያለ ቀይ አፈር ተመረጠ። መረሬ አፈር አይሆንም፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሣሪያው የቆመበትን ድንጋይ ያዘነብለዋል። መሬቱን በኮምፓስ ፈተሽን፦ ሁለት ችካል መካከል ገመድ ወጥሮ፣ በገመዱ ላይ በየሜትሩ ኮምፓሱን እያስቀመጡ ማንበብ። ከገመዱ ጋር ያለው ማዕዘን ከቦታ ቦታ ከ2 ዲግሪ በላይ ከተለያየ ከሥር የጥቁር ድንጋይ ቋጥኝ ወይም የተቀበረ ብረት አለ። የጮቄ ጥቁር ድንጋይ ራሱ ማግኔትነት አለው፤ ስለዚህ የመሣሪያው መቆሚያ ከአባይ በረሃ የመጣ የኖራ ድንጋይ እንዲሆን ተደረገ።

ከቆርቆሮ ቤት 40 ሜትር፣ መኪና ከሚቆምበት 60 ሜትር ራቅን። የብረት ተጽዕኖ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ሜዳ ላይ የ10 ሜትር ልዩነት ብዙ ነገር ነው።

ጉድጓዱ፦ 3 ሜትር ከ80 ርዝመት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ። ክዳኑ የባሕር ዛፍ አጣና፣ በላዩ ጭድ የበዛበት ጭቃ፣ በላዩ ላስቲክ፣ ከዚያ አፈር። አንድም ምስማር የለበትም፤ ሁሉም በልጥ የታሰረ ነው። ጥልቀቱ የሙቀት ነገር ነው፤ ወደ ጥር ማስታወሻ ሲደረስ ይብራራል።

ኅዳር መጨረሻ። ዕቃዎች

ማግኔት፦ ኒዮዲሚየም፣ 5 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 5 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ድብልብል።

ሽቦ፦ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ፣ ከተቃጠለ ትንሽ ትራንስፎርመር የተፈታ፣ 30 ሳንቲ ሜትር። ውፍረቱ ላይ መቀለድ አይቻልም፤ የሽቦ የመጠምዘዝ ጥንካሬ በዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ስለሚሄድ 0.12 የሆነ ሽቦ ከ0.1 ሁለት እጥፍ ይጠነክራል። ሻጭ የሚለውን ከማመን ሽቦውን እርሳስ ላይ 50 ጊዜ አጠጋግቶ ጠምጥሞ ርዝመቱን መለካት ይሻላል፤ 5 ሚሊ ሜትር ከሞላ ልክ ነው። የመሰንቆ ጭራ፣ የክራር ጅማትና ናይለን ለዚህ አይሆኑም፤ እርጥበት ሲነካቸው ይላላሉ፣ ይጠመዘዛሉ። የብረት የክራር ክርማ ራሱ ማግኔት ይሆናል።

መስታወት፦ 10 በ10 ሚሊ ሜትር፣ ከአሮጌ ስካነር የተቆረጠ። የስካነር መስታወት ቅቡ ከፊት ስለሆነ አንድ የብርሃን መስመር ብቻ ይመልሳል፤ ተራ የፊት መስታወት ሁለት ያሳያል። መለጠፊያው በሁለት ቱቦ የሚመጣው ኢፖክሲ ይሁን። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚተነው ነገር መስታወቱን ነጭ ያለብሰዋል።

ብርሃን፦ ነጭ ኤልኢዲ በ8 ሚሊ አምፔር፤ ፊቱ ላይ በአሉሚኒየም ፎይል በመላጫ የተሰነጠቀ ቀጭን ክፍተት (መላጫው ተሠርቶበት ይወገዳል፤ ብረት ነው)። ከክፍተቱ 27 ሳንቲ ሜትር ፊት የ+4 የማንበቢያ መነጽር መስታወት። መነጽሩ ከማግኔቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማግኔቱ ከሚሊ ሜትር ወረቀቱ 3 ሜትር ሲሆኑ መስመሩ ወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ ያርፋል። የሌዘር እስክሪብቶ አልመረጥንም፤ ሲሞቅ ጨረሩ ራሱ ቦታ ይቀይራል።

መቅጃ፦ አሮጌ ስልክ በየደቂቃው ወረቀቱን ፎቶ ያነሳል። ስልኩ ውስጥ የስፒከር ማግኔት አለ፤ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ካልተነቃነቀ ጉዳት የለውም። ባለ 0.1 ዲግሪ ዲጂታል ቴርሞሜትር ጫፉ ማግኔቱ አጠገብ፣ መስኮቱ ደግሞ ከወረቀቱ ጎን፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሙቀቱም አብሮ አለ።

ማርገቢያ፦ ከማግኔቱ ሥር 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቶ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ቁራጭ። ያለዚህ ሰው በአጠገቡ ሲራመድ ማግኔቱ ረጅም ጊዜ ይወዛወዛል። ዘይት ውስጥ በተነከረ ክንፍ ማርገብም ይቻላል፤ የኑግ ዘይት ግን በወራት ውስጥ ይጠጥርና ክንፉን ይይዘዋል።

ታኅሣሥ። መጠምዘዝና መለኪያውን መለካት

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ በማግኔቱ ፈንታ እኩል ክብደት ያለው የናስ ቁራጭ ይንጠለጠልና አንድ ሌሊት ይቆያል። ሽቦው የራሱን ዕረፍት ያገኛል፤ ያ አቅጣጫ የላይኛው መንጠልጠያ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ማግኔቱ ይገባል። መንጠልጠያው ሽቦው ሳይጠመዘዝ ማግኔቱ ሰሜንና ደቡብ እንዲተኛ ይስተካከላል። አሁን መንጠልጠያውን በቀስታ ማዞር ይጀመራል። ማግኔቱ ወደኋላ እየቀረ ይከተላል። ምሥራቅና ምዕራብ ሲተኛ መንጠልጠያው ወደ 220 ዲግሪ ዞሯል፤ ከዚህ ውስጥ 90ው የማግኔቱ ነው፣ የቀረው 130 ገደማ ሽቦው ውስጥ የተከማቸ ጥምዘዛ ነው።

እዚህ መቸኮል አይገባም። ማግኔቱ ከሰሜን 115 ዲግሪ አካባቢ ካለፈ የመስኩ ጉልበት ሽቦውን መቋቋም ያቆማል፤ ማግኔቱ ድንገት ተገልብጦ ይሽከረከራል፤ መስታወቱን ከማርገቢያው ጋር ሊያጋጨው ይችላል። ከ80 ዲግሪ በኋላ በአንድ ጊዜ ከ2 ዲግሪ በላይ አታዙሩ።

ቀጥሎ መለካት። 25 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ያላቸው ሁለት ክብ ቀለበቶች፣ በመካከላቸውም 25 ሳንቲ ሜትር፣ እያንዳንዳቸው 10 ዙር ሽቦ። በዚህ መጠን 1 ሚሊ አምፔር በመካከል 36 ናኖቴስላ ይሰጣል። ቀለበቶቹን የያዘው እንጨት ነው። በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይና በ500 ኦም አካባቢ በሆነ ሬዚስተር 3 ሚሊ አምፔር ያህል ይፈሳል፤ ትክክለኛውን በቴስተር አንብቦ መመዝገብ ነው።

ሁለት ፈተና ይደረጋል። አንደኛ፣ የቀለበቶቹ አቅጣጫ ምሥራቅና ምዕራብ ሆኖ ጅረት ይለቀቃል። ማግኔቱ በትክክል ከተጋደመ ብርሃኑ አይንቀሳቀስም። ከተንቀሳቀሰ ማግኔቱ ዘሟል፤ መንጠልጠያውን ጥቂት አስተካክሎ መድገም ነው። ይህ ፈተና ከማንኛውም ኮምፓስ ይበልጣል፣ አይታለፍ። ሁለተኛ፣ ቀለበቶቹ ወደ ሰሜን ዞረው ጅረት ይለቀቃል፤ ብርሃኑ የሄደው ሚሊ ሜትር ለናኖቴስላው ይካፈላል። ከላይ ባለው ሽቦና ማግኔት ሒሳቡ የሚሰጠው ለ1 ናኖቴስላ 0.38 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ለ100 ናኖቴስላ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። የተለካው ከዚህ በእጅጉ ከራቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሽቦው ውፍረት ነው። መለኪያው በሌሊት ይሁን፤ ቀን መስኩ ራሱ እየተንቀሳቀሰ ነው።

የሰዓት ጉዳይ። ስልኩ በዓለም አቀፍ ሰዓት (UTC) ይሞላል። ከዚያ ላይ 3 መቀነስ የኛን የቀን ሰዓት ይሰጣል፤ 9፡00 ማለት ቀን 6 ሰዓት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ግን 6፡30 ገደማ ነው፤ ጅረቱ ብዙ ጊዜ ጣሪያ የሚነካው ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ 5፡30 አካባቢ ነው።

አዲስ ሽቦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በአንድ አቅጣጫ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፤ መዳብ ተጠምዝዞ ሲቆይ ይላላል። የየሌሊቱን መነሻ እየቀነሱ መሄድ በቂ ነው።

ጥር። ሙቀት፣ የሐሰት ምልክት፣ የእውነት ምልክት

ኒዮዲሚየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከጉልበቱ 0.12 ከመቶ ያጣል። ትንሽ ይመስላል፤ የ36 ሺህ 0.12 ከመቶ ግን 43 ናኖቴስላ ነው። ከመሬት በላይ ቆርቆሮ ሥር በተሰቀለ መሣሪያ ላይ የጠዋትና የከሰዓት ልዩነቱ 10 ዲግሪ ቢሆን ምልክታችንን ብዙ ጊዜ እጥፍ የሚያህል ሐሰት ይገባል። የመዳቡ ጥንካሬም በሙቀት ስለሚቀንስ ከፊሉን ያቃልለዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

የሚያሳስበው መጠኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ማግኔቱ ሲሞቅ ይደክማል፤ ሽቦው ያሸንፈዋል፤ ብርሃኑ መስኩ እንደቀነሰ ሆኖ ይሄዳል። ሙቀት የሚበረታው ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያው ሰዓት በእውነትም መስኩ ከሌሊቱ መነሻ በታች የሚወርድባቸው ቀኖች አሉ፤ ጅረቱ ተገልብጦ ወደ ምዕራብ ይፈሳል። ይህን ክስተት ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጹት የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ዳይሬክተር የነበሩት አባ ፒየር ጉዊን ናቸው፣ በ1962 እ.ኤ.አ.፣ በአዲስ አበባ ልኬት። ከፈረንሳዊው ተመራማሪ ከማዮ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት የሚለውን ስም ሰጡት። በዓለም ሳይንስ ውስጥ ከዚህች አገር መሬት የተነሳ ዕውቀት ነውና ሐሰተኛ ምልክት በእሱ ስም መመዝገብ አይገባም።

ስለዚህ ጥልቀቱ። የቀኑ ሙቀት በደረቅ አፈር ውስጥ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ገደማ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ 1 ሜትር ላይ የቀንና የሌሊት ልዩነት የለም ማለት ነው፤ የሚቀረው በክዳኑ በኩል የሚገባው ነው። የጭድ ጭቃው እንደ ጎታ ግድግዳ ወፍራም የሆነው ለዚህ ነው። ቀሪውን ለማረም በጸጥተኛ ሌሊት ሞቅ ያለ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጀሪካን ቦዩ ውስጥ ይቀመጥና ሙቀቱ 1 ወይም 2 ዲግሪ እስኪወጣ ብርሃኑ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሄደ ይመዘገባል። ያ ቁጥር ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ በሙቀቱ ልክ ይቀነሳል። የ0.1 ዲግሪ ስህተት 4 ናኖቴስላ ያህል ነው፤ እንቀበለዋለን።

ጥር የተመረጠበት ሌላ ምክንያት አለ። በዚህ ወር በሰሜን ዋልታ ላይ ያለው ስትራቶስፌር የሚባለው የአየር ንብርብር አንዳንድ ዓመት በጥቂት ቀናት ውስጥ በአስሮች ዲግሪ ይሞቃል። በጥር 2009 እ.ኤ.አ. የሆነው በጣም ከበረቱት አንዱ ነው። ሙቀቱ የላይኛውን አየር ሞገዶች፣ በተለይ የጨረቃን ግማሽ ቀናዊ ሞገድ፣ ያናውጣል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነፋሱ ሲለወጥ ጅረቱ ይለወጣል። መግነጢሳዊ ወገብ ላይ የሚታየው መልክ የታወቀ ነው፦ ጠዋት ጠንካራ ምሥራቃዊ ጅረት፣ ከሰዓት ተቃራኒ፤ ቅርጹም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋለኛው ሰዓት ይገፋል። ፀሐይ ጸጥ ባለችበት ቀን የዋልታን ክረምት ከጎጃም ቦይ ውስጥ ማንበብ የሚቻልበት መንገድ ይህ ነው፤ ሙቀቱ ያልታረመ መሣሪያ ግን ሁለቱን መለየት አይችልም።

የካቲት። ሸረሪት፣ ማረሻ፣ ቁልፍ

መስመሩ ድንገት ቀጥ ብሎ ከቀረ፣ ቀንም ሌሊትም ካልተንቀሳቀሰ፣ መጀመሪያ የሚታየው ሸረሪት ነው። አንዲት ክር ከማግኔቱ ጥግ እሱ ወደተንጠለጠለበት ቱቦ ግድግዳ ተወጥራ በባትሪ ብርሃን በጎን ሲታይ ብቻ ትብለጨለጫለች፤ ማግኔቱን ለመያዝ በቂ ናት። መከላከያው ቱቦውን በሙሉ በፕላስተር መድፈንና የሽቦ መግቢያውን በሰም መዝጋት ነው።

ከፍ ብሎ ወዲያው የሚመለስ ሹል ምልክት ብረት የያዘ ሰው ነው። ቁልፍ፣ ቢላ፣ ሬዲዮ። በእርሻ ወቅት በ5 ሜትር ርቀት የሚያልፍ ማረሻ በየትልሙ መመላለሻ እኩል ክፍተት ያላቸው ጥርሶች ይተዋል። ከባለ ማሳው ጋር ተነጋግሮ 10 ሜትር ማስተው በቂ ሆኗል።

ሳይመለስ በአዲስ ቦታ የሚቀመጥ እርከን ደግሞ አንድ ነገር መጥቶ አልሄደም ማለት ነው፤ የቆመ ጋሪ ወይም የተጣለ ቆርቆሮ።

መጋቢት። ንባብ

ጅረቱ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት፣ በመጋቢትና በመስከረም፣ ይበረታል። በጸጥተኛ ቀን ብርሃኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ መውጣት ይይዛል፣ 5፡30 አካባቢ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ደርሶ ይመለሳል፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ጠፍጣፋ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በዚያ ከፍታ ያለው ቻርጅ ይከስማልና ሌሊት ጅረት የለም። መነሻው የሚወሰደው ከሌሊቱ 5፡30 እስከ 7፡30 ካለው አማካይ ነው።

ይህ ጠቅላላ ለውጥ እንጂ የኤሌክትሮጄቱ ብቻ አይደለም። በዓለም ሁሉ ያለው የቀን ለውጥና ምድርን በሩቅ የሚከባት የቀለበት ጅረት አብረውት አሉ። ለመለየት ከወገቡ ወጣ ያለ ጣቢያ ያስፈልጋል፤ በአገራችን ተመራማሪዎች የተጠቀሙት ከአዲስ አበባው ልኬት የአዲግራቱን በመቀነስ ነው። የኛን መስመር ከአዲስ አበባው ጣቢያ መረጃ ጋር አስደግፎ ማየት የመጀመሪያው ማረጋገጫ ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ የተተከለው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957 እና 1958 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ያ ዓመት መጀመሪያ የታሰበው ሦስተኛው የዋልታ ዓመት ተብሎ ነበር፤ ቀድሞ በ1882 እና በ1932 እ.ኤ.አ. የተጀመሩ ሁለት ነበሩና። ሐሳቡ ሰፍቶ መላውን ምድር ያካተተው የዋልታውን ሰማይ ለብቻው መረዳት ስለማይቻል ነው።

የማዕበል ቀን፣ ማለትም ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣት ነፋስ የምድርን መስክ የሚያናውጥበት ቀን፣ እንዲህ ይነበባል። በመጀመሪያ በደቂቃዎች ውስጥ የሚወጣ እርከን፤ የፀሐይ ነፋስ ግፊት የምድርን መስክ ሲጨቁን የሚመጣ ነውና በመላው ዓለም በአንድ ጊዜ ይታያል። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት 2፡05 ላይ የሆነው ዓይነት፤ በዚያ ሌሊት አውሮራ ከሜክሲኮና ከካናሪ ደሴቶች ሳይቀር ታይቷል። ከእርከኑ በኋላ ለሰዓታት የሚዘልቅ መውረድ፤ የቀለበቱ ጅረት ነው፤ በዚያ ማዕበል በዓለም አማካይ ወደ 400 ናኖቴስላ ወርዷል። ይህን ያህል በኛ ወረቀት ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከመነሻው በታች 20 ሳንቲ ሜትር ይተውለት።

ሦስተኛው ምልክት ከሁሉ ደስ ይላል፤ የሚታየውም ማዕበሉ በቀን ሲሆን ብቻ ነው። በአውሮራው ቀለበት አካባቢ የሚነሳው ኤሌክትሪካዊ መስክ ወደ ወገብ ለመድረስ ሰዓታት አይፈልግም፤ በደቂቃ ውስጥ እዚህ ነው። ኪሩና ወይም ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ ላይ መስመሩ ሲንቀጠቀጥ የኛም መስመር ቀን በሚሠራው ኮረብታ መሰል ቅርጽ ላይ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የሚመላለሱ ጥርሶች ይወጣሉ። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሰዓት ሚዛን ደርድሮ ጫፍ ከጫፍ ማስተያየት ነው። የስልኩ ሰዓት ከ1 ደቂቃ በላይ ከሳተ ይህ ሥራ ከንቱ ነው፤ በየሳምንቱ ይስተካከል።

ግንቦት መጨረሻ። ለክረምት

የጎጃም ክረምት ለዚህ ቦይ ከባድ ነው። ዙሪያውን 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የጎርፍ መቀልበሻ፣ ወለሉ ላይ ጠጠር (ነጭ፣ ጥቁር ድንጋይ አይደለም)፣ ቱቦው ውስጥ በጨርቅ የታሰረ ደረቅ ሩዝ ሳይሆን ሲሊካ ጄል፤ ሩዙ ይሻግታል። የመስታወቱ ላብ መስመሩን ያደበዝዘዋል።

መብረቅ፦ የሶላር ፓኔሉና ባትሪው 15 ሜትር ርቀው ነው ያሉት፤ የሚያገናኘው ሽቦ ሁለቱ እርስ በርስ ተገምደው በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቀብረዋል። የተገመደ ሽቦ የራሱን መግነጢሳዊ መስክ ያጠፋል። ደመና ሲከብድ መሰኪያው ይነቀላል፤ ስልኩ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል፣ ኤልኢዲው በሁለት የባትሪ ድንጋይ።

ለሐምሌ የቀረው ሁለተኛ መሣሪያ ነው፦ ማግኔቱ ከአሮጌ ባለ መርፌ ቴስተር የሚወጣ አልኒኮ። አልኒኮ በዲግሪ 0.02 ከመቶ ብቻ ስለሚያጣ የሙቀት ስህተቱ ከ43 ወደ 7 ናኖቴስላ ይወርዳል። ጉልበቱ ከኒዮዲሚየም ስለሚያንስ ቁራጩ ረዘም ማለት አለበት፣ ሽቦውም 0.08 ወይም ከዚያ መቅጠን አለበት። በጠንካራ ማግኔት አጠገብ ከተቀመጠ ጉልበቱን ያጣልና ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ቦይ ውስጥ አይገቡም፤ የሁለተኛው ቦይ ቦታ ከመጀመሪያው በ12 ሜትር ወደ ምሥራቅ ተለክቶ ችካል ተተክሏል።